ገጹ የሚያደናግር የኪስ ሰዓት እንዴት ይነበባል?

አንድ የድሮ የኪስ ሰዓት እጃችሁ ገባ እንበል። ክዳኑን ስትከፍቱት ያለው ቆጣሪ አንድ ብቻ ነው። ዙሪያውን በሮማ ቁጥር የተጻፉት ትልልቆቹ ቁጥሮች ስድስት ናቸው፤ ከ1 እስከ 6። ከእነሱ ጋር ተደርበው ከ7 እስከ 12 ያሉት ደግሞ በተራ አኃዝ አነስ ብለው ተጽፈዋል። ቆጣሪው 2ን አልፎ ስድስተኛዋ ትንሽ መስመር ላይ ደርሷል። ስንት ሰዓት ነው?

መልሱ ወይ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው፣ ወይ 8 ሰዓት ከ12። የትኛው እንደሆነ ሰዓቱ አይነግራችሁም። ሠሪው ምሳ መብላት አለመብላታችሁን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ ብሎ ትቶታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹም ሰዓቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያሉ ሰዓቶችን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ “ለጌጥ የተሠራ ነው” ብሎ ያልፋቸዋል። ጌጥ የሆኑ አሉ፣ እሱ አይካድም። አብዛኞቹ እንግዳ ገጾች ግን የአንድ ችግር መልስ ናቸው። ደቂቃን የት እናሳይ? በጨለማ እንዴት ይነበብ? እየተንገጫገጨ የሚሄድ ባቡር ላይ ያለ ሰው እንዳይሳሳት ምን እናድርግ? ችግሩን ካወቃችሁ ገጹ ወዲያው ይነበብላችኋል። ካላወቃችሁት ግን ቁጥር አፍጥጦ ያያችኋል፣ እናንተም ታዩታላችሁ።

ከገጹ ስር ምን አለ?

መጀመሪያ የተለመደውን ሰዓት እንየው። ባለ ሁለት ቆጣሪ ሰዓት ገጹ ሲነሳ ከስሩ ጥቂት ጥርሳም ጎማዎች ይታያሉ። መሃል ላይ በየሰዓቱ አንድ ዙር የምትዞር ጥርሳም ቱቦ አለች። የደቂቃ ቆጣሪው የሚሰካው እሷ ላይ ነው። ከጎኗ ድርብ ጎማ አለ፤ ትልቁ ከቱቦዋ ይቀበላል፣ ትንሹ ለሌላ ጎማ ያቀብላል። ያ የመጨረሻው ጎማ ተመልሶ መሃል ላይ፣ በቱቦዋ ዙሪያ ተቀምጦ የሰዓት ቆጣሪውን ይሸከማል።

ቁጥር እናስገባበት። ቱቦዋ 10 ጥርስ ኖሯት ትልቁ ጎማ 30 ካለው፣ ፍጥነቱ አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ትንሹ 8 ሆኖ የመጨረሻው 32 ካለው ደግሞ እንደገና አንድ አራተኛ። ሦስት በአራት ሲባዛ 12። የደቂቃ ቆጣሪው 12 ጊዜ ሲዞር የሰዓቱ አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በቃ፣ ምስጢሩ ይኼው ነው።

እንግዳ ገጽ ያላቸው ሰዓቶች ብዙውን ጊዜ የሚነካኩት ይህችን 12 ለ 1 የምትባል ሒሳብ ነው። ወይ ቁጥሯን ይቀይሯታል፣ ወይ ቆጣሪው ቆሞ ቁጥሩ እንዲዞር ያደርጋሉ። ከዚያ በታች ያለው ሞላ፣ ጎማና ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ተወዛዋዥ ጎማ ሁሉ ከተራ ሰዓት ብዙም አይለይም።

ከ1675 በኋላ የመጣው ግርግር

የመጀመሪያዎቹ የኪስ ሰዓቶች አንድ ቆጣሪ ብቻ ነበራቸው። ይህ ስንፍና አልነበረም። በቀን ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ለሚሳሳት መሣሪያ የደቂቃ ቆጣሪ መግጠም ውሸት ከመናገር አይተናነስም። ሰው ሩብና ግማሽ ሰዓትን በዓይኑ ገምቶ ያነብ ነበር፣ ከዚያ በላይ የሚጠይቅም አልነበረም።

በ1675 ኔዘርላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ ተወዛዋዡ ጎማ ላይ የምትገጠም ቀጭን ጥምዝምዝ ሞላ ይፋ አደረገ። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ “ሐሳቡ የኔ ነው” ብሎ ተነሳ፣ ጭቅጭቁም ብዙ ዘመን ዘለቀ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ውጤቱ ነው። የኪስ ሰዓት ስህተት በአንድ ጊዜ ወደ ጥቂት ደቂቃዎች ወረደ። አሁን ደቂቃን ማሳየት ትርጉም አገኘ።

ግን እንዴት? ዛሬ ጥያቄው ራሱ ቂል ይመስላል። ሁለት ቆጣሪ፣ አንድ ክብ፣ አለቀ። እስቲ ግን እንደ አዲስ ሰው ገጹን እዩት። አንዷ ነጥብ 3 ትባላለች። አጭሩ ቆጣሪ ሲጠቁማት 3 ሰዓት ናት፣ ረጅሙ ሲጠቁማት ደግሞ 15 ደቂቃ። አንድ ቦታ ሁለት ትርጉም! ከልጅነታችን ስለለመድነው ነው እንጂ፣ ከሁሉም እንግዳ የሆነው ገጽ ይኼ የኛው ነው። የዚያን ዘመን ሰዓት ሠሪዎች ደንበኞቻቸው ይህን ይቀበሉታል ብለው እርግጠኛ አልነበሩም። ስለዚህ ለ30 ዓመት ያህል፣ በተለይ ለንደን ውስጥ፣ ያልሞከሩት የለም።

ከሙከራዎቹ አንዱ መግቢያው ላይ ያየነው ባለ ስድስት ሰዓት ገጽ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ቆጣሪው ክቡን በ12 ሳይሆን በ6 ሰዓት ከዞረ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ቦታ እጥፍ ይሰፋል። በሰፋው ቦታ ላይ 30 ክፍፍሎች ይገባሉ፣ እያንዳንዳቸው 2 ደቂቃ። ሁለተኛ ቆጣሪ ሳያስፈልግ ደቂቃ ተነበበ ማለት ነው። ብልህ ዘዴ ነው። ጉድለቱ እያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሰዓት መያዙ ነው።

ለኔ የዘመኑ ቁንጮ ግን ተጓዥ ሰዓት የሚባለው ነው። ይህን ቀስ ብለን እንየው።

የገጹ የላይኛው ግማሽ ላይ የቅስት ቅርጽ ያለው መስኮት አለ። በቅስቱ የውጭ ጠርዝ ከ0 እስከ 60 ደቂቃ ተጽፏል፣ በውስጠኛው ጠርዝ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ። ቆጣሪ የሚባል ነገር የለም። በመስኮቱ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻውን ይታያል፣ ለምሳሌ 4። ቁጥሩ በግራ በኩል 0 ላይ ይወጣል፣ ቅስቱን ተከትሎ ቀስ እያለ ይጓዛል፣ በቀኝ በኩል 60 ላይ ይጠልቃል። ልክ እሱ ሲጠልቅ በግራ በኩል 5 ብቅ ይላል። ቁጥሩ ራሱ ሰዓቱ ነው፣ የቆመበት ቦታ ደግሞ ደቂቃው። 4 ቁጥር ከ20 ትይዩ ካለ፣ 4 ሰዓት ከ20 ነው። ሕፃን ልጅም ያነበዋል።

ከስሩ ያለው ሥራ ግን እንደ ንባቡ ቀላል አይደለም። በሁለት ሰዓት አንዴ የሚዞር ትልቅ ዲስክ አለ። በዲስኩ ላይ ትይዩ ለትይዩ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ መስኮቱ ውስጥ ሲታይ ሌላው ከታች ተደብቆ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ በስተጀርባ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ዲስክ አለች። አንዷ 1፣ 3፣ 5 እያለች ጎዶሎዎቹን ትይዛለች፣ ሌላዋ 2፣ 4፣ 6 እያለች ሙሉዎቹን። ቁጥሩ ከጠለቀ በኋላ ከታች ተደብቆ በሚያልፍበት ሰዓት ትንሿ ዲስክ ወደ ቀጣዩ ቁጥሯ ትዞራለች። 4 ሆና የጠለቀችው ከአንድ ሰዓት በኋላ 6 ሆና ትወጣለች። አንባቢው ይህን ሁሉ አያይም። ከመስኮቱ በታች ያለው ግማሽ ገጽ ባዶ ስለሚሆን ሠሪዎቹ የንጉሣውያን አርማ ወይም ሐረግ ይቀርጹበት ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዓቶችን ከሠሩት የለንደን ሰዎች አንዱ ጆሴፍ ዊንድሚልስ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከኪስ ሰዓት አይደለም። ከ1655 እስከ 1667 በመንበሩ የነበሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት አሌክሳንደር ሰባተኛ እንቅልፍ ያስቸግራቸው ነበር ይባላል። የሰዓት ድምፅ ይረብሻቸዋል፤ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ሰዓቱ አይታይም። ሮም ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ካምፓኒ የተባሉ ወንድማማቾች ድምፁ የለዘበ የሌሊት ሰዓት ሠሩላቸው። ቁጥሮቹ ተበስተው የተሠሩ ስለነበሩ ከኋላ የምትበራ የዘይት መብራት በቀዳዳዎቹ ታበራባቸዋለች። ቆጣሪ በጨለማ አይታይም፣ የሚያበራ ቁጥር ግን ይታያል። የሚጓዘው ቁጥር ከዚያ ተነስቶ ነው ኪስ ውስጥ የገባው።

በዚያው ጊዜ የፀሐይና ጨረቃ ገጽም ነበር። እዚህ መስኮቱ ውስጥ የምትጓዘው ቀን ላይ ፀሐይ፣ ሌሊት ላይ ጨረቃ ናት። ፀሐይዋ ጠዋት 6 ላይ በግራ ትወጣለች፣ እኩለ ቀን ላይ አናት ትደርሳለች፣ ማታ 6 ላይ በቀኝ ትገባለች። ከዚያ ጨረቃዋ ትረከባታለች። ዲስኩ በ24 ሰዓት አንዴ ይዞራል፤ ደቂቃውን በውጭው ክብ ላይ አንድ ተራ ቆጣሪ ያሳያል። ውብ ናት፣ ቀንና ሌሊትንም ትለያለች። ለደቂቃ ግን ዓይን ሌላ ቦታ መሄድ አለበት።

አንድ ሌላ ዓይነት አለ፣ እኔ ሳስበው ጭንቅላቴን የሚያዞረኝ። ቆጣሪው አንድ ነው፣ በየሰዓቱ አንዴ ይዞርና በውጭው ክብ ደቂቃ ያሳያል። የሰዓት ቁጥሮቹ የተጻፉበት የመሃሉ ዲስክ ግን እሱም ወደዚያው አቅጣጫ ይዞራል፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ። ቆጣሪው አንድ ሙሉ ዙር ሲጨርስ ዲስኩ የዙሩን 11/12ኛ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ ቆጣሪው በየሰዓቱ ዲስኩን በአንድ ቁጥር ይቀድመዋል። ውጤቱ፣ ያው አንድ ቆጣሪ በጫፉ ደቂቃውን፣ በመሃሉ ሰዓቱን ይጠቁማል። ጉዱ ደግሞ የሰዓቱ ቁጥሮች ቋሚ ቦታ የላቸውም፤ 12 አሁን አናት ላይ ካለ ትንሽ ቆይቶ ጎን ላይ ነው።

በመጨረሻ ያሸነፈው መሃል ላይ የተደረቡት ሁለቱ ቆጣሪዎች ናቸው። ለዚህ የለንደኑ ዳንኤል ኩዌር ስም ብዙ ጊዜ ይነሳል። ያሸነፈበት ምክንያት ውበት አይመስለኝም። ሥራው ጥቂት ጎማ ብቻ ይፈልጋል፣ ርካሽ ነው፣ ብዙም አይበላሽም። ሰው ደግሞ ቁጥሩን ሳያነብ በሁለቱ ቆጣሪዎች መካከል ባለው ቅርጽ ብቻ ሰዓቱን መለየት ይለምዳል። ተጓዡ ሰዓት ይህን አይሰጥም፤ እሱን ማንበብ ግድ ነው።

በጣት የሚነበብ ሰዓት

ከመቶ ዓመት በኋላ ፓሪስ ውስጥ አብርሃም ሉዊ ብሬጌ አንዱን ቆጣሪ መልሶ አመጣው። በ1797 ያስተዋወቀው ሰዓት ገዢው ሩቡን ዋጋ አስቀድሞ ከፍሎ የሚያዝዘው ነበር። ገጹ ኢናሜል የሚባል ሰፊ ነጭ የመስታወት ልባስ ነው፣ ቆጣሪው አንድ። በሁለት ሰዓቶች መካከል ያለው ቦታ ለ12 ተከፍሏል፣ እያንዳንዷ መስመር 5 ደቂቃ። ገጹ ትልቅ ስለሆነ በመስመሮቹ መካከል መገመት ይቻላል። አሠራሩ ሲቀል ዋጋውም ይቀላል፤ ዘመኑ ከፈረንሳይ አብዮት ማግስት ስለነበር ገዢም እንደ ድሮው አልነበረም።

ከዚያ ይበልጥ የሚገርመው በዳሰሳ የሚነበበው ሰዓቱ ነው። በቀፎው ክዳን ላይ፣ በውጭ በኩል፣ አንድ ቀስት አለች። በቀፎው ጠርዝ ዙሪያ ደግሞ ለ12ቱ ሰዓቶች ጎልተው የሚዳሰሱ ጉብታዎች። ቀስቷን በጣታችሁ ወደፊት ትገፏታላችሁ፤ የሆነ ቦታ ስትደርስ እንቢ ትላለች። የቆመችበት ቦታ ሰዓቱ ነው። ከዚያ በጣት ከጉብታዎቹ ያለውን ርቀት መዳሰስ ብቻ ነው። ለጨለማ ይጠቅማል፣ ለዓይነ ስውር ይጠቅማል፤ ሰው ፊት ሰዓት አውጥቶ ማየት ነውር በሆነበት ግብዣ ላይም እጅን ኪስ ከትቶ ሰዓት ማወቅ ያስችላል። የናፖሊዮን ሚስት ጆሴፊን በአልማዝ ያጌጠ አንድ ነበራት፤ ጉብታዎቹ ራሳቸው አልማዞች ናቸው።

ብሬጌ ሲታወቅ አስመሳዮቹም በዙ። እሱም ገጹ ላይ ድብቅ ፊርማ ማኖር ጀመረ። በ12 ቁጥር አካባቢ፣ ኢናሜሉ ላይ፣ በአልማዝ ጫፍ እጅግ ደቃቅ ሆኖ የተጫረ ስሙ ነው። ፊት ለፊት ብታዩት ነጭ ገጽ ብቻ ነው። ብርሃኑን በጎን አድርጋችሁ ስታዘነብሉት ግን ፊደሎቹ ብልጭ ይላሉ።

አስር ሰዓት ያለው ቀን

ፈረንሳዮች በአብዮቱ ጊዜ ሚዛኑንም ርዝመቱንም በአስር ሲያደርጉ ሰዓቱንም አልማሩትም። በ1793 በወጣው ሕግ ቀኑ 10 ሰዓት፣ ሰዓቱ 100 ደቂቃ፣ ደቂቃው 100 ሰከንድ ሆነ። የእነሱ አንድ ሰዓት የኛ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው። እኩለ ቀን 5 ሰዓት ሆነ፤ ማታ 6 ሰዓት የነበረው 7 ሰዓት ከ50።

ሰዓት ሠሪዎቹ ሁለቱንም ያዙ። የዚያ ዘመን ብዙ ገጾች ላይ አዲሱም አሮጌውም አቆጣጠር ጎን ለጎን ተጽፏል። ይህ ራሱ ሕዝቡ ምን ያህል እንዳመነበት ይናገራል። በኤፕሪል 1795 ግዴታነቱ ቀረ። ሰው ሚዛኑን ይቀይራል፣ ሰዓት ግን ውድ ዕቃ ነበር፤ ማን ይጥለዋል? ዘመኑ አጭር ስለነበር የተረፉት ጥቂት ናቸው፣ ጥቂት ስለሆኑ ውድ ናቸው፣ ውድ ስለሆኑ ደግሞ ይጭበረበራል። ወደዚህ እንመለሳለን።

ገበያም ገጽ ይለውጣል። እንደ ማርክዊክ ማርክሃምና ጆርጅ ፕራየር ያሉ የለንደን ሠሪዎች ለኦቶማን ገበያ የኦቶማን አኃዝ የተጻፈባቸው፣ ሦስትና አራት ቀፎ የተደራረበባቸው ሰዓቶችን ይልኩ ነበር። ቁጥሩ ለእንግሊዛዊ እንግዳ ነው፣ ማሽኑ ግን የለንደን ማሽን ነው።

ቁጥር የሚዘልበት ሰዓት

ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ሰዓት የባትሪ ዘመን ልጅ ይመስለናል። አይደለም። ኦስትሪያዊው ጆሴፍ ፓልቬበር በ1880ዎቹ ለኪስ ሰዓት ሠርቶታል፤ የስዊዘርላንዱ ሰዓት ፋብሪካ አይደብሊውሲና ሌሎችም አምርተውታል። ገጹ ላይ ሁለት መስኮቶች አሉ፣ ከላይ ሰዓት፣ ከታች ደቂቃ። ከሰከንድ በስተቀር ቆጣሪ የለም።

ችግሩ ጉልበት ላይ ነው። ተራ ቆጣሪ ላባ ያህል ቀላል ነው፣ ሳያቋርጥ ይንሸራተታል። እዚህ ግን በየደቂቃው አንድ ዲስክ ዘሎ መቆም አለበት። በየአስር ደቂቃው ሁለት ዲስኮች አብረው ይዘላሉ። 4:59 ወደ 5:00 ሲሆን ሦስቱም። ያን ሁሉ ጉልበት የምታወጣው ያችው አንዷ ሞላ ናት። በዝላዩ ሰዓት ለተወዛዋዡ የሚደርሰው ጉልበት ይቀንሳል፣ ሰዓቱም ልኩን ይስታል። ፋሽኑ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆየ። አይደብሊውሲ በ2018 ለ150ኛ ዓመቱ ይህን ገጽ ሲመልሰው ለደቂቃው ዲስክ የራሱን ሞላ ለይቶ ሰጠው። መልሱ መጥቷል፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ።

ባቡርና አራት ደቂቃ

በኤፕሪል 1891 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ኪፕተን የምትባል ቦታ ሁለት ባቡሮች ተጋጩ። በወቅቱ እንደተነገረው የአንዱ ሠራተኛ ሰዓት ለአራት ደቂቃ ቆማ ከዚያ መሥራት ቀጥላ ነበር። ባቡሮች አንድ ሐዲድ በሰዓት ተከፋፍለው በሚሄዱበት ዘመን አራት ደቂቃ ሞት ነው። ከዚያ በኋላ የክሊቭላንዱ ጌጣጌጥ ነጋዴ ዌብ ቦል የባቡር ሰዓት ቁጥጥር እንዲያደራጅ ተጠራ። በመስመሮቹ የተለመደው መስፈርት ጥብቅ ሆነ፦ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ መሳሳት የለም፣ ክዳን የለም፣ ነጭ ገጽ፣ ደማቅ ጥቁር አኃዝ፣ ደማቅ ቆጣሪ። የሮማ ቁጥር ቀረ፤ በመብራት ጭላንጭል ከሮማ ቁጥሮች መካከል መምረጥ ቀልድ አይደለም።

ከዚህ ጥብቅነት ውስጥ ነው ሁለት ለየት ያሉ ገጾች የወጡት። ሞንትጎመሪ የሚባለው ከ1 እስከ 60 ያሉትን ደቂቃዎች አንድ በአንድ በጠርዙ ላይ ይጽፋል። መገመት የለም፣ መቁጠር የለም፤ ቆጣሪው የነካው ቁጥር ደቂቃው ነው። ፈርጉሰን የሚባለው ደግሞ ትልልቆቹን ቁጥሮች ለደቂቃ ሰጥቶ ሰዓቱን በትንንሽ ቁጥር ወደ ውስጥ አስገባው። ምክንያቱ ሲታሰብ ልክ ነው፤ ባቡረኛ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያጣውም፣ የሚያስጨንቀው ደቂቃው ነው። ግን ለዓይን ያደናግራል፣ ገዢም ብዙ አላገኘም። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት እሱን ነው። የካናዳ ባቡሮች ከ12ቱ ቁጥር በታች ከ13 እስከ 24 የተጻፈበት ገጽ ይጠቀሙ ነበር።

ለጨዋታ የተሠሩትም አሉ፣ ቶሎ ቶሎ እንያቸው። መሃሉ ላይ የቆመ ሰው ያለበት፣ ስትጫኑት ሁለት እጁን አንስቶ በአንዱ ሰዓት በሌላው ደቂቃ የሚጠቁም። ማሽኑ የጠፋ ይመስል ገጹ ጥርት ያለ መስታወት የሆነ፤ ቆጣሪዎቹ የተጣበቁት ጥርሳቸው ጠርዙ ላይ በተደበቀ የመስታወት ዲስኮች ላይ ነው። በቁጥሮቹ ፋንታ የባለቤቱ ስም 12 ፊደላት የተጻፉበት (ስሙ 11 ፊደል የሆነ ሰው ምን ያደርግ እንደነበር አስቡት)። ሦስት ማዕዘን ቀፎ ውስጥ የፍሪሜሶን ምልክቶች በቁጥር ቦታ የገቡበት። ተወዛዋዡ በገጹ በኩል የሚታይ፣ ሄብዶማስ የተባለ የስምንት ቀን ሰዓት፤ ይህን አንዳንድ ሻጮች ቱርቢዮን (ተወዛዋዡን ከነመያዣው የሚያዞር አሠራር) ነው ይላሉ፣ አይደለም፣ ተወዛዋዡ ቦታው ላይ ሆኖ ነው የሚወዛወዘው።

ነጩ ገጽ ከምን ተሠራ?

የብዙዎቹ ገጽ ኢናሜል ነው፣ ማለትም መስታወት። ቀጭን የመዳብ ሳህን ላይ የመስታወት ዱቄት ይነሰነስና በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቃጠላል። አንዴ አይደለም፣ ተደጋግሞ። የሳህኑ ጀርባም ኢናሜል ይቀባል፤ አለዚያ ሲቀዘቅዝ ይጣመማል። ቁጥሮቹ በጥቁር ኢናሜል ይሳሉና እንደገና ምድጃ ይገባሉ። በላዩ የተጻፈው ቀለም ሳይሆን ቀልጦ የተዋሃደ መስታወት ስለሆነ የ200 ዓመት ገጽ ትናንት የተሠራ ይመስላል።

መስታወት ግን ይሰነጠቃል። በጎን ብርሃን ስታዩት ፀጉር የመሰሉ መስመሮች ይታያሉ። ገጹን ከማሽኑ ጋር የሚያያይዙት ከጀርባው የወጡ የመዳብ እግሮች ናቸው፤ አንዱ እግር ሲጎብጥ ወይም ሰዓቱ ሲወድቅ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከእግሩ ቦታ ይጀምራል። ፀጉር ስንጥቅ በሽታ አይደለም፣ ዕድሜ ነው። የሚያስፈራው ፍጹም እንከን የለሽ ሆኖ በጥፍር ሲነካ ለስለስ የሚል ገጽ ነው፤ ያ በቀለም ወይም በሙጫ የተጠገነ ሊሆን ይችላል። የብር ገጽ ካላችሁ ደግሞ አትፈትጉት። ተቀርጾ በተሞላው ቁጥር ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር ሰም ነው፣ ሙቀትም አይወድም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተሠሩት ላይ ደግሞ የሚያበራ ቁጥር ካያችሁ ተጠንቀቁ። ራዲየም ሊሆን ይችላል። “አሁን ስለማያበራ ኃይሉ አልቋል” የሚባለው ስህተት ነው። ያለቀው ከራዲየሙ ጋር የተደባለቀው የሚያበራው ነገር ነው። ራዲየሙ ግማሹ ለመክሰም 1,600 ዓመት ይፈልጋል። መስታወቱ ሳይከፈት ይቀመጥ፣ ፍርፋሪው እንዳይተነፈስ፣ ለልጅ እንዳይሰጥ።

የገጹ ታሪክ እውነት መሆኑን እንዴት እናጣራ?

ቅድም የአስር ሰዓቱ ገጽ ይጭበረበራል ብለን ነበር። ቀላሉ ማጭበርበሪያ ተራ የድሮ ማሽን ላይ እንግዳ ገጽ መለጠፍ ነው። እዚህ ላይ ያቺ የጎማ ሒሳብ ትጠቅማለች። የደቂቃ ቆጣሪው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር የሰዓቱ ቆጣሪ ስንት ሄደ? የአስር ሰዓት ገጽ ከሆነ ቁጥሩን በትክክል ከአንዱ ወደ ቀጣዩ፣ ማለትም የዙሩን አንድ አስረኛ መሄድ አለበት። አንድ አስራ ሁለተኛ ብቻ ከሄደ ከስሩ ያለው ተራ ሰዓት ነው፣ ገጹ ምንም ቢል። በተጓዥ ሰዓት ላይም እንዲሁ፦ ቁጥሩ 60 ላይ ሲጠልቅ ቀጣዩ 0 ላይ መውጣት አለበት፣ በመካከል ባዶ መስኮት መታየት የለበትም።

ይህን ስታደርጉ ቆጣሪውን በጣት አትግፉ። በቁልፍ የሚሞላ ሰዓት ከሆነ በመሃሉ ላይ ያለችውን አራት ማዕዘን ጫፍ በልኳ ቁልፍ አዙሩ፣ ወደፊት ብቻ። የሚደውል ሰዓት ወደ ኋላ ከዞረ ሊሰበር ይችላል።

ሌላው በዓይን የሚታይ ነው። የሰከንድ ቆጣሪው ዘንግ በትንሿ ክብ ትክክለኛ መሃል ላይ ነው የወጣው? ፊት ላይ የመሙያ ቀዳዳ ካለ ከስሩ ካለው ጫፍ ጋር ይገጥማል? የደቂቃ ቆጣሪው ጫፍ የደቂቃውን መስመር ይነካል ወይስ አጥሮ ቀርቷል? ማሽኑ ላይ የተቀረጸው ስምና ገጹ ላይ ያለው ይስማማሉ?

ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ገጹ ተነስቶ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ፣ የገጹ ጀርባና የማሽኑ ፊት ሁለቱም። በጀርባው የመዳብ እግሮቹ ካሉና ማሽኑ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ጋር ከገጠሙ ጥሩ ነው። እግሮቹ ተቆርጠው በሙጫ ከተለጠፈ፣ ወይም ማሽኑ ላይ ምንም ያልገባባቸው የተረፉ ቀዳዳዎች ካሉ፣ ሁለቱ የተጋቡት በቅርብ ነው። ሻጩ ፎቶውን አላነሳም ካለ የምትከፍሉት ዋጋ የተራ ሰዓት ዋጋ ይሁን።